አንሺና ተነሺ

ሙምባይ በገባን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወዳጄ ካሜራውን አልጋው ላይ ትቶ ወጣ። የረሳው መስሎኝ ላመጣለት ከደረጃው ስመለስ፣ «ተወው፤ ዛሬ እሱም ይረፍ» አለኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ወዳጅነታችን ያ ጥቁር ማንገቻ ከአንገቱ ላይ ጠፍቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። በሠርግም በጥምቀትም በለቅሶም የማውቀው ከነማንገቻው ነው።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። ፎቶ ቤቱ እኔ ከምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነበር። ሒሳብ ሊከፍት የመጣውን ሰው ሁሉ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ» እለዋለሁ፤ ሰውየው አስፋልቱን ይሻገራል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ሁለት ትንንሽ የገዛ ፊቶቹን ይዞ ይመለሳል። ዛሬ ደንበኛው የፋይዳ ቁጥሩን ሲነግረኝ መልኩ ከኮምፒዩተሬ ላይ ብቅ ይላል። እነዚያን ሦስት ቃላት መናገር ያቆምኩበትን ቀን እኔ አላስታውሰውም። እሱ ግን ያስታውሰዋል።

የቤቱን ኪራይ ውል ላለማደስ በወሰነ ሰሞን፣ «ከመዝጋቴ በፊት አንዴ እንኳ ለመታወቂያ ያልሆነ፣ ለሙሽራ ያልሆነ፣ ለዓይኔ ብቻ የሆነ ፎቶ ላንሳ» አለኝ። ከተማ ሲመርጥ አላመነታም። በልጅነቱ ሲኒማ ራስ የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ነው፤ ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን በቃሉ ይወጣዋል። እኔም የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። (የባንክ ሰው ሆኜ ሳለ የጉዞውን ምንዛሪ ለማግኘት ያየሁትን አበሳ ሌላ ቀን አወጋችኋለሁ።) ከቦሌ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ጎንደር ከዚያ በላይ ይርቃል።

ሁለቱን ቀን ከተማዋን በዓይኑ ሊጨርሳት ደረሰ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1888 የተጠናቀቀውን፣ ቪክቶሪያ ተርሚነስ ይባል የነበረውን ባቡር ጣቢያ፣ ጉልላቱንና ከድንጋይ የተፈለፈሉትን አውሬዎች አነሳ። በሩ ሳይዘጋ የሚከንፈውን የከተማ ባቡርና በበሩ ተንጠልጥለው ነፋስ የሚቀበሉትን ወጣቶች አነሳ። በቸርችጌት ጣቢያ ደጃፍ ነጭ ቆብ የደፉት ዳባዋላዎች፣ ከየቤቱ የተሰበሰበውን የምሳ ዕቃ ክዳኑ ላይ በተጻፈው ምልክት ብቻ እየለዩ ወደየቢሮው ሲያከፋፍሉ፣ መንገድ ዳር ተንበርክኮ አነሳ። እኔ ምልክቶቹን እያየሁ የኛን መዝገብ አሰብኩ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ቢኖረን ኖሮ ሒሳብ አልዘጋ እያለን ባላመሸን።

ከሰዓት በኋላ ማሃላክሽሚ ጣቢያ አጠገብ ካለው ድልድይ ላይ ቆምን። ከሥራችን የልብስ አጣቢዎች መንደር፣ ዶቢ ጋት፣ ተዘርግቷል። በሲሚንቶ የተከፋፈሉ ገንዳዎች፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ የቆሙ ሰዎች፣ ድንጋይ ላይ የሚያርፍ የጨርቅ ድምፅ፤ በላዩ ገመድ ሙሉ ነጭ አንሶላ፣ ከአንሶላው ጀርባ ፎቅ። ግጥም የምሞካክር ሰው ነኝና ማስታወሻዬን አወጣሁ፤ ስለ ከተማ እድፍ አንድ ስንኝ ጀምሬ አፈርኩና ሰረዝኩት። ድልድዩ ላይ ከኛ ሌላ ሃያ የሚሆኑ ጎብኚዎች ካሜራቸውን ደግነዋል። ከታች አንድ ጎልማሳ ቀና ብሎ አየን። ፊቱ ላይ ቁጣም ፈገግታም አልነበረም። ወዳጄ ካሜራውን ቀስ ብሎ አወረደው።

ማታ የሁለቱን ቀን ሥራ እያገላበጠ ሲያይ ቆየና፣ «እኔ ዘንድ ሰው ፎቶ የሚነሳው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ተዘጋጅቻለሁ ሲለኝ ነው» አለኝ። «ይሄ ሰውዬ መች ተዘጋጅቻለሁ አለኝ?» ከአራት መቶ በላይ ነበሩ። አንድ በአንድ ደመሰሳቸው። ተከራከርኩት፤ አልሰማኝም። ለእኔ ዛሬም ትክክል አይመስለኝም። አጣቢው ይሁን፤ ባቡር ጣቢያው ምን በደለው?

በማግስቱ፣ ያን ካሜራ የሌለበትን ጠዋት፣ ወደ ባሕሩ ወረድን። «የሕንድ በር» የሚሉት ታላቅ ቅስት የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1911 ያደረገውን ጉብኝት ለማስታወስ ታስቦ በ1924 ያለቀ ነው፤ በ1948 የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝ ወታደሮች ከሕንድ የተሰናበቱት በሥሩ አልፈው ነው። የእኔ ዓይን ግን ከቅስቱ ይልቅ ውሃው ላይ ቀረ። የናፒየር ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው ከዚህችው ከተማ ወደብ ተነስቶ ነው፤ ከአርባ አራት ዝሆኖቹ ሌላ ካሜራ የተሸከሙ መሐንዲሶችም ነበሩት። በ1868 መቅደላንም አነሷት። ይህን ስነግረው ወዳጄ ጥቂት ዝም አለና፣ «እነሱንስ ማን ጠራቸው?» አለ።

አደባባዩ ላይ የናሙና ፎቶ በእጃቸው፣ ካሜራ ባንገታቸው፣ ትንሽ ማተሚያ በቦርሳቸው የያዙ ፎቶ አንሺዎች ይዞራሉ። ጎብኚውን በቅስቱ ፊት አንስተው እዚያው አትመው ይሰጣሉ። አብዛኛው ሰው ስልኩን አሳይቷቸው ያልፋል። አንድ ሽበታም ወደ ወዳጄ ቀርቦ «ባይ» አለው፤ ወንድሜ ማለት ነው፤ ይህን ቃል ከፊልሙ ያውቀዋል። ሽበታሙ ናሙናዎቹን ሲገልጥለት እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ባለሙያ አያቸው። ስለ ብርሃኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቀው፤ ከዚያ ጣቱን ወደ ደረቱ ቀስሮ «እኔም» አለው። ሽበታሙ አንገቱ ላይ ካሜራ ፈልጎ አጣ። ስልኩን ወዳነገበው ሕዝብ በአገጩ አመለከተ። ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም።

ከቅስቱ ፊት ጎን ለጎን አቆመን። ሁለት ጣቱን ከአገጩ ሥር አድርጎ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርግ ሳቄ መጣ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኜ በፎቶ ቤቱ መስታወት ውስጥ ስንት ጊዜ ያየሁት ምልክት ነው። ወዳጄ እንደታዘዘው አገጩን አቀና፤ ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛ። ስንት ቅጂ እንደምንፈልግ ስንጠየቅ በአማርኛ «ሁለት» አለ፣ ሁለት ጣቱን አንስቶ።

አንዱ እኔ ዘንድ ነው፤ በቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ከማኅተሙ ጎን። እኔ እንደማንኛውም ጎብኚ ነኝ። እሱ ግን እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት፣ ደረቱ ላይ፣ ካሜራው ይኖር በነበረበት ከፍታ፣ አንዱን በሌላው ደግፎ ይዟቸዋል። ከዚህ በቀር የሱ ፎቶ የለኝም። በሠርጌ አልበም ውስጥ ፈልጌው አጣሁት፤ ያነሳው እሱ ነዋ።

ሁለተኛውን፣ ቤቱን ባስረከበ ዕለት፣ የሙሽሮቹን ፎቶዎች ከማሳያው መስታወት ላይ ከነቀለ በኋላ ባዶው ቦታ ላይ ለጥፎት ሄደ። አሁን እዚያ ቤት ስልክ ይጠገናል። የሚጠግነው ልጅ ፎቶውን አልነቀለውም። ባለፈው ሳምንት ሲያየኝ፣ «ጋሼ፣ አንደኛው እርስዎ ነዎት አይደል? ሌላውስ ማነው?» አለኝ።

«ፎቶ አንሺው» አልኩት።

«እሱ እዚህ ካለ ታዲያ ማን አነሳችሁ?»