ከአንኮበር ቍልቍል፤ ስለ ጠገራ ብር ሚዛን

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ 42 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው አንኮበር ይደርሳል። በዚያም ገብስ የሚታጨድበት ደጋ ያበቃና ምድር እንደ ተቈረጠ ሁሉ ቍልቍል ይወርዳል፤ ጉሙ ሲገለጥ የአፋር ቆላ ከሩቅ ይታያል። የመድኃኔ ዓለምን ደጅ ተሳልሜ ወደ አልዩ አምባ ወረድሁ። የወረድሁበትም ምክንያት የእናቴ ታናሽ እኅት፣ «ልጄ፣ ያባቴን ብር የሚገዛኝ ሰው መጥቷልና ሳልሸጠው ድረስልኝ» ብለው ስለ ላኩብኝ ነው።

አልዩ አምባ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ነበረች፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስም እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ ሲመጣ በዚሁ አልፏል። በገበያው ብርና አሞሌ ይመነዘር ነበር። አሞሌ ከጨው ምድር በራቀ መጠን እየተወደደ ስለሚሄድ፣ በአንድ ብር የሚገኘው አሞሌ ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር።

ጠገራ የምንለው ብር የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ዐርፋለች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ያው 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ በዓመቱ ብቻ ተመርቶ ስለ እርጅናው መፍረድ አይገባም።

አክስቴ አንዱን ቋጠሮ ፈትተው ስምንት ብር በሰፌድ ላይ ዘረገፉ፤ አንዱ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነበር። ገዢው «ግማሹ መዳብ ነው» ብሎ በግማሽ ዋጋ ጠይቋቸው ኖሯል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጠገራ ከ12 እጅ 10ሩ ንጹሕ ብር፣ 2ቱ መዳብ ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ሲሆን ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ይሆናል። በዓለም ገበያ ብር የሚሸጥበት አውንስ 31.1 ግራም ስለ ሆነ፣ አራት ጠገራ ሦስት አውንስ ንጹሕ ብር ይወጣዋል ማለት ነው። የምኒልክም ብር ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ከትምህርት ቤት ይዤው በሄድሁት ሚዛን እያንዳንዱን መዘንሁ። ስምንቱም ከ27 ተኩል እስከ 28 ግራም ሆኑ፤ የጐደለው በእጅ ብዛት ያለቀው ነው። በክር አንጠልጥዬ ውኃ ውስጥ ስመዝናቸውም ወደ 2.75 ግራም ያህል ቀለሉ፤ የእውነተኛ ጠገራ ልክ ይኸው ነው። በጠገራዎቹም ጠርዝ ዙሪያ ፍትሕና ርኅራኄ የሚል ትርጕም ያለው የላቲን ጽሑፍ ይነበባል።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛውን ቋጠሮ አየሁ፤ በውስጡ አንድ ብር ብቻ ነበረ። ጠርዙ ልሙጥ፣ ክብደቱ 20 ግራም ብቻ ሆነ። ሐሰተኛ መሆኑን እንዴት እንደምነግራቸው ተጨንቄ ዝም አልሁ። እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው፣

«እሱንስ ዐውቀዋለሁ» አሉኝ። «አባቴ በሬ ሸጦ ከተቀበለው ብር አንዱ ነው። ለዘር መግዣ ያሰበው እሱን ነበረ። ሌላ ሰው ይጐዳበታል ብሎ ለብቻው ቋጠረው፤ በዚያ ዓመት አንዱ እርሻችን ጦም ዐደረ።»

እኔ ሐሰተኛውን ለመለየት ሚዛን ተሸክሜ ወረድሁ፤ አያቴ ግን ከብዙ ዘመን በፊት ለይቶት ዋጋውንም ከፍሎበት ነበር።

በማግሥቱ ገዢው መጣ። ሒሳቡን በፊቱ ብንሠራለት ዋጋውን አሻሻለ። አክስቴም አምስቱን ሸጠው ገንዘቡን ጣራው ለሚያፈስሰው አጥቢያቸው ሰጡ፤ ሦስቱን አስቀሩ። ዘጠነኛውን ገዢው ለማየት ቢጠይቅ፣ «እሱ አይሸጥም» ብለው መልሰው ቋጠሩት።

እንግዲህ በየቤታችሁ ጠገራ ያላችሁ ሁሉ፣ ሳትሸጡ አስመዝኑ፤ የዕለቱንም የብር ዋጋ ጠይቁ። እንዲያብለጨልጭ ብላችሁ በአሸዋ አትፈትጉት፤ ለአንገት ጌጥም አትብሱት፤ ሰብሳቢዎች የሚሰጡት ዋጋ በዚህ ይወድቃልና። ከሁሉም በላይ ብሩ ከማን እጅ እንደ መጣ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ይህን ሚዛን አይነግራቸውምና።