የሰማኒያ ሦስቷ ግንቦት

ጊብዓት ሃሞሬ፣ አፉላ። በረንዳው ላይ ቡና ተፈልቷል። ጎረቤቴ እማማ (ስማቸውን ብጽፍ ይቆጡኛል) በፈረንጅ ቆጥረው አያውቁም። የልጅ ልጆቻቸው «1991» ሲሏቸው «ሰማኒያ ሦስት በሉ» ይላሉ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው 1983 ሲባል ትዝ የሚለው ሁለት ቀን ነው፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ የኮበለሉበት ግንቦት 13 እና ኢሕአዴግ ከተማዋን የያዘበት ግንቦት 20። በመሀል ያለችው ሳምንት ግን የእኛ የቤተ እስራኤል ናት። ኡሪ ሉብራኒ ከእስራኤል በኩል፣ ካሣ ከበደ ከደርግ በኩል ሲደራደሩ ከርመው፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ፣ ዓርብ ግንቦት 16 የእኛን ሰዎች ወደ እስራኤል ያሻገረው ዘመቻ ሰሎሞን ተጀመረ። ሰንበት ገብቶ እንኳ አላቆሙም፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል ተብሎ። በ36 ሰዓት ያህል ከ14,300 በላይ ሰው ተጓጓዘ። አንዱ ጃምቦ ብቻ ከ1,000 በላይ ጭኖ ተነሣ፤ አየር ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ።

የእማማ የልጅ ልጅ «በመስኮት በኩል ተቀመጥሽ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ሳቁበት። «የምን መስኮት? ወንበሩን ነቅለው አውጥተውት ወለሉ ላይ ተደራርበን ነው የመጣን!» ቤተሰብ እንዳይጠፋፋ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎላቸው ነበር። እሳቸው ቤን ጉሪዮን ደርሰው እንኳ አላነሱትም፤ «የልጆቼም ላብ ሲወርድ ወረቀቱ አብሮ እንዳይወርድብኝ በመዳፌ ደግፌ ያዝሁት» ይላሉ።

በየዓመቱ ቴሌቪዥን የሚያሳየን አውሮፕላኖቹን ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ይሰለቸኛል። እማማ ስለ በረራው ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ አያወሩም፤ የሚያወሩት ከጎንደር ወርደው አዲስ አበባ፣ ጭቃ ቤት ተከራይተው ኤምባሲው ደጅ ስለተሰለፉበት ወራት ነው። ጥር ላይ የኢራቁ የሳዳም ሚሳይል እስራኤል ላይ ሲወድቅ፣ ከዓመታት በፊት በተደረገው ዘመቻ ሙሴ ቀድሟቸው የገባው ባላቸው በሕይወት ይኑር አይኑር በሬዲዮ ያደምጡ ነበር። እነሱ ለመሄድ ሲሰለፉ፣ ባልየው እዚህ የጋዝ ጭንብል አጥልቆ ተቀምጧል።

ታላቅ እህታቸው አብረዋቸው ወርደው ነበር። «የአንቺ ቤተሰብ ክርስትና ተነሥቷል» ተብለው ስማቸው ከተጓዦች ዝርዝር ወጣ። ግንቦት 16 ማለዳ ደጁ ድረስ ሸኝተዋቸው፣ አገልግሉን አቀብለዋቸው ተመለሱ።

«አገልግሉ ውስጥ ምን ነበር?» አልኳቸው።

«ዳቦ። አውሮፕላኑ ላይ ለሰው ሁሉ ቆረስሁት። ለእሷ ግን አላስቀረሁላትም።»

ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።