ፓኬጁን ማን ጨረሰው?



ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ሦስት ነን። ባለፈው ሴሚስተር ከግቢው ጀርባ በተከራየነው ቤት ውስጥ ግን አራት ነበርን። ከአራት ወደ ሦስት የወረድነው በኢንተርኔት ፓኬጅ ምክንያት ነው። ነገሩ ሲሰማ ቀላል ነው፤ እኛም ቀላል መስሎን ነው እዚህ የደረስነው። ከዶርም ውጭ ተከራይታችሁ በአንድ ራውተር ብዙ ሆናችሁ የምትጠቀሙ አላችሁና ከእኛ ስህተት ብትማሩ ብለን ጻፍነው። ከቤታችን የወጣውን ወንድማችንን አስፈቅደነዋል። «ስሜን አታንሱ እንጂ ጻፉት» ብሎናል።

ቤቱን የተከራየነው ነን ካፌ የሆንን ጊዜ ነው። አንዳችን ፋርማሲ፣ አንዳችን ሕግ፣ አንዳችን ኤሌክትሪካል፣ እሱ ደግሞ ሶፍትዌር ምህንድስና ነው የሚያጠናው። እንጀራው፣ ከሰሉ፣ መብራቱ፣ ሁሉም በመዋጮ ነው። ኢንተርኔቱም እንደዚያው ሆነ። ወደ ቤታችን የሚገባ መስመር ስላልነበረ ሲም የሚወስድ ራውተር በጋራ ገዝተን በየወሩ 100 ጊጋባይት መሙላት ጀመርን። 100 ጊጋ ሲባል ባሕር መስሎን ነበር። ቁጭ ብሎ ሒሳቡን የሠራ ሰው አልነበረም። 100 ጊጋ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 3.3 ጊጋ ገደማ ነው። ያንን ለአራት ስታካፍሉት ለአንድ ሰው በቀን 830 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሰዋል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚወስድ ጥራት ያለው ቪዲዮ ደግሞ በሰዓት ከ2 ጊጋ በላይ ይጨርሳል። ስለዚህ የአንዳችን የቀን ድርሻ ከግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅነው ግን ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ወር ፓኬጁ በ27ኛው ቀን አለቀ። ሦስት ቀን ምን አላት ብለን አለፍነው። በሁለተኛው ወር በ24ኛው ቀን አለቀ። በሦስተኛው ወር፣ ለዚያውም ሚድ ፈተና በደረሰበት ሳምንት፣ በ19ኛው ቀን «ጥቅልዎ ተጠናቋል» የሚለው መልእክት መጣ። ለተጨማሪ ፓኬጅ ማንም ብር አልነበረውም። አሳይንመንት የሚልከው ስልኩን ይዞ ግቢ ድረስ ይሄዳል፤ የቀረነው «ማን ነው የጨረሰው?» እንባባላለን።

ጣታችንን የቀሰርነው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ማስረጃ ብለን የያዝነውም ይህ ነበር፦ ከዒሻእ ሶላት ሲመለስ ኢርፎኑን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ከዚያ አይነሳም። አንዳንዴ ለሱብሒ ስንነሳ እሱ ገና ላፕቶፑን ሲዘጋ እናገኘዋለን። ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚያድር ሰው ካልሆነ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ደግሞ ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌር ማለት ዳውንሎድ ማለት መሰለን። እሱ በሌለበት ሻይ አፍልተን ስለ እሱ እናወራለን። «ፊልም ሳያይ አይቀርም» አለ አንዱ። ሌላው «ለሰው እየሠራ ብር ሳያገኝበት አይቀርም» ብሎ ጨመረ። ሱረቱል ሑጁራትን በሐለቃ ስንማር የከረምን ልጆች ነን። 12ኛው አንቀጽ ስለ ጥርጣሬ፣ የሰውን ነውር ስለ መከታተልና ስለ ሐሜት የመጣ ክልከላ እንዳለበት እናውቃለን። ዳታ ሲሆን ግን ክልከላው እኛን የሚመለከት አልመሰለንም።

በአራተኛው ወር ፓኬጁን ሞልተን የራውተሩን ፓስወርድ ቀየርንና ለሦስታችን ብቻ ተነጋገርን። እሱን «ኔትወርኩ እያስቸገረ ነው፣ ለእኛም አልሠራም» አልነው። ውሸት ነበር። ሶፍትዌር የሚያጠና ልጅ ስልኩ ፓስወርድ ሲጠይቀው ምን እንደተደረገ አይጠፋውም፤ ከመጀመሪያዋ ምሽት ጀምሮ አውቆታል። ግን ምንም አላለንም። የወሩን መዋጮ ደግሞ ቀድሞ ከፍሏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዒሻእ በኋላ ወደ ግቢ ላብ መሄድ ጀመረ። አከራያችን የግቢውን በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይቆልፋሉ። እሱ የሚመለሰው ላቡ ሲዘጋ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። በር ያንኳኳል፣ እሳቸው ተነስተው እየተቆጡ ይከፍታሉ፣ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አልጋችን ላይ ሆነን እንሰማለን። ተነስቶ በሩን የከፈተለት ከመካከላችን አልነበረም።

በ20ኛው ቀን መልእክቱ መጣ። ፓኬጁ አለቀ።

ሦስታችን ተያየን። እሱ ለሃያ ቀን አንዲት ሜጋባይት አልነካም። አንዱ «ጎረቤት ሰብሮ ገብቶ ይሆናል» አለ፤ ግን እሱ ራሱ ያመነበት አይመስልም። ይህን የሚያጣራልን ሰው ስንፈልግ የምናውቀው ባለሙያ እሱ ብቻ ሆነ። ከማፈራችን የተነሳ ሁለት ቀን ቆየን። በሦስተኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ ያደረግነውን ነግረነው እንዲረዳን ለመንነው።

ራውተሩን አልነካም። «እያንዳንዳችሁ ስልካችሁን ክፈቱ» አለን። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን፣ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ከፍተን፣ በዋይፋይ የሄደውን እንድናይ አደረገ። ላፕቶፕ ላይም እንዲሁ ያለፉት 30 ቀናት አጠቃቀም በየፕሮግራሙ ተዘርዝሮ ይገኛል። ከዚያ «ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ» አለ። አንዱ 38 ጊጋ አነበበ። ሁለተኛው 33። ሦስተኛው 26። ሲደመር 97 ጊጋ። የቀረችው 3 ጊጋ ለእንግዳ ብትሆን ነው። እሱ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ነበረው፤ እኛ በወነጀልንበት በሦስተኛው ወር የተጠቀመው 9 ጊጋ ነው። የሚጽፈው ኮድ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ምንም አይበላም። ሌሊቱን ኢርፎን አድርጎ የሚሰማው ቲላዋና የተቀዳ ደርስ ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚሄድ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋባይት አይሞላም። እኛ በተኛንበት አምስት ሰዓት ሙሉ ቢሰማ እንኳ ከሩብ ሰዓት ጥሩ ቪዲዮ ያነሰ ዳታ ነው።

የእኛ 97 ጊጋስ የት ሄደ? 38 ጊጋ ያነበበው ወንድማችን ደነገጠ፤ ፊልም አይቶ አያውቅም። ሲዘረዘር ትልቁ የፎቶና የቪዲዮ ባክአፕ ነበር። የእህቱን ኒካሕ ሙሉ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ቀርጾ ነበርና ስልኩ በየሌሊቱ ወደ ክላውድ ሲጭነው ከርሟል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ ቀጥሎ ቴሌግራም ነው። የገባንባቸው የደርስ ቻናሎች፣ የዲፓርትመንት ግሩፖች፣ የመጽሐፍ ቻናሎች ከለቀቁት ብዙውን በዋይፋይ ሲሆን በራሱ ያወርዳል። 26 ጊጋ ያነበበው ዘንድ የላፕቶፕ አፕዴትና አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ በራሱ የሚቀጥለው ሌላ ቪዲዮ ተገኘ። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶት ቪዲዮው ብቻውን ይሄድ ነበር።

ወንድማችን እንዲህ ብሎ አስረዳን፦ «ስልኩ ዋይፋይ ሲያገኝ የማያልቅ መስመር ያገኘ ይመስለዋል። የሞባይል ዳታ ላይ ይጠነቀቃል፣ ዋይፋይ ላይ ግን ሁሉን ይለቀዋል። የእኛ ዋይፋይ ደግሞ ውስጡ ሲም ነው። ስልኩ ይህን አያውቅም፣ ካልነገርነው።» ላፕቶፓችን ላይ ኔትወርኩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን የሚያሳውቅ፣ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚባል ቁልፍ እንዳለ ያሳየንም ያን ቀን ነው። እሱን ስታበሩት አብዛኛው አፕዴት ይታገዳል። አንድሮይድ ስልክም ለየዋይፋዩ ተመሳሳይ ምርጫ አለው።

ወሰን የሚደረገው ለምንድን ነው ብለንም ጠየቅነው። አንድ የሞባይል ማማ ያለውን አቅም በዙሪያው ላለ ሰው ሁሉ ያካፍላል፤ ስለዚህ ለገደቡ ምክንያት አያጣም። ግን መጨናነቅ የሚፈጠረው ምሽት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገባ ነው፤ የወር ድምር ግን ሰዓት አይለይም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያወረደውንና ምሽት 2 ሰዓት ላይ ያወረደውን እኩል ይቆጥራል። የሌሊት ፓኬጅ የሚረክሰው በዚህ ምክንያት ነው። በሀብታም አገርም ወሰን አለ። አሜሪካ ውስጥ ኮምካስት እ.ኤ.አ. በ2008 ለአንድ ቤት በወር 250 ጊጋባይት ወሰን አበጀ፤ በኋላ 1 ቴራ፣ ከዚያ 1.2 ቴራ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ሰው ሁሉ ቤት ሲውል፣ ማለትም አጠቃቀም ሲጨምር፣ ኩባንያው ወሰኑን ለጊዜው አነሳው። «ስለዚህ ወሰን የኔትወርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የዋጋም ጉዳይ ነው» አለን።

33 ጊጋ ያነበበው ወንድማችን እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። በመጨረሻ እሱም ተናገረ። ከ33ቱ ከግማሽ በላይ የቪዲዮ ጥሪ ነበር። እናቱ ጅዳ ነው የሚሠሩት፤ ስድስት ዓመት ሆናቸው። አሠሪዎቻቸው ሲተኙ በየምሽቱ ይደውላሉ፣ ልጃቸውን ሳያዩ አይተኙም። እሱ ብዙ እንደሚጠቀም ገብቶት ነበር። ግን «የእናቴን ጥሪ ቀንስ ይሉኛል» ብሎ ፈራ። ሶፍትዌሩ ላይ ወሬ ስንጀምር ተባበረን፤ ፓስወርዱ ይቀየር ያለውም እሱ ነበር። ይህን ሲናገር አለቀሰ። እኛም ምን እንደምንለው ጠፋን። ብዙ ተጠቃሚ የሚባል ሌባ በቤታችን ይኖራል ብለን ስንፈልግ ያገኘነው እናቱን የናፈቀ ልጅና በራሱ የሚሠራ ስልክ ነው።

ወንድማችንን ዐፍው በለን አልነው። «ዐፍው ብያችኋለሁ» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «የከፋኝ ኢንተርኔቱ አይደለም። ብትጠይቁኝ ቁጥሩን አሳያችሁ ነበር» አለን። የወሩን መዋጮውን መለስንለት። ግን ቀድሞ ሌላ ቤት አግኝቶ ቀብድ ከፍሎ ነበርና በወሩ መጨረሻ ወጣ። እቃውን አብረን ተሸከምን።

እሱ ከመውጣቱ በፊት አብሮን ተቀምጦ ያወጣልን ስምምነት አሁንም ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል። ከጋራው ላይ በቅድሚያ 20 ጊጋ ለጅዳ ጥሪ ይነሳል፤ ይህ የማንም ውለታ አይደለም፣ የቤቱ ወጪ ነው። የቀረው እኩል ይካፈላል። ባክአፕ፣ አፕዴትና የቴሌግራም አውቶ ዳውንሎድ ጠፍተዋል። ትልቅ ፋይል ከግቢ ኔትወርክ ወይም በሌሊት ፓኬጅ ይወርዳል። (በዚህ ላይ አንድ ነገር እንናዘዝ፦ ለሌሊት ፓኬጅ አላርም ሞልተን መነሳት አላቃተንም፤ ለሁለት ረከዓ ግን ስንት ጊዜ አቅቶናል! አሁን ዳውንሎዱ እስኪያልቅ ሶላት እንቆማለን፤ አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን።) በየጁሙዓው ማታ ሁላችንም ቁጥራችንን ጮክ ብለን እናነባለን። ማንም ስለ ሌላው ቁጥር አይናገርም፣ ስለ ራሱ ብቻ።

ያለፈው ወር ፓኬጅ በ29ኛው ቀን አለቀ። አንድ ቀን ቀረን። መልእክቱ ሲመጣ «ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሦስታችንም ስልካችንን ከፈትን። ወንድማችንን ጁሙዓ ጁሙዓ እናገኘዋለን። ሰላም ይለናል፣ ፕሮጀክቱም እያለቀለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኛ ቤት ሻይ እንዲጠጣ ሦስት ጊዜ ጠርተነዋል፣ አንድ ጊዜ መጥቷል።

እናንተም በቤታችሁ የምትጠረጥሩት ሰው ካለ፣ እሱን ከመጥራታችሁ በፊት ዛሬ ማታ የራሳችሁን ስልክ ክፈቱና ቁጥሩን አንብቡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።