መንግሥት ሲሄድ የሚቀር ቤተሰብ

በአገራችን ስለ ጦር መኮንን ሲጻፍ ሰውዬው ወይ ጀግና ነው ወይ ከሃዲ። ሁለቱም ቃላት የሚወጡት ከመንግሥት መግለጫ ነው፤ አንዱ መንግሥት ጀግና ያለውን ተከታዩ ከሃዲ ይለዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ የወር ደመወዙን ጠብቆ ልጆቹን የሚያሳድገውን ሰው ግን የሚያነሣው የለም። እኔ የዚያ ሰው ልጅ ነኝ።

አባቴ ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ተመርቀው ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያገለገሉ ኮሎኔል ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ከተዋጉት አንዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው ያለቀው በኤርትራ ነው። እናቴ አምስት ልጆች ስትወልድ አባታችን በአጠገቧ የነበሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ በመጀመሪያ የምታየው መልእክቱን ሳይሆን የተጻፈበትን ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ቀናት ቆጥራ፣ በእነዚያ ቀናት ሬዲዮው ምን እንዳለ ለማስታወስ ትሞክራለች።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ፈረሰ። ከ400 ሺህ የሚበልጥ ወታደር ባንድ ጊዜ ሥራ አጥ ሆነ። እኛም ከጦር ሰፈር ቤት ወጥተን፣ ኪራይ ይረክሳል ወደተባለበት የከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተሠሩ ቤቶች ስም ወደሚጠራው ሰፈር ወደ ዓለም ባንክ ገባን። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ጀመር፤ ብርጌድ ያዘዙት አባቴ ደግሞ የደንበኞቿን ዱቤ እንደ ግዳጅ ሪፖርት በቀንና በሰዓት ለይተው በደብተር ይይዙላት ነበር። ስለ አገልግሎት ዘመናቸው ሊጠይቁ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ተመላልሰዋል። የመጨረሻው መልስ «ያገለገሉት ያለፈውን መንግሥት ነው» የሚል ሆነ። አባቴ ይህን ሲነግሩን አልተቆጡም፤ «እኔ እኮ አገሬን መስሎኝ ነበር» አሉ እንጂ።

ጉዳዩ የአንድ ኮሎኔል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት። እስቲ ከፍ ብለን እንመልከት። ሜጀር ጄነራል ሙሉጌታ ቡሊ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ሌተና ጄነራል አማን ሚካኤል አንዶም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በቤታቸው ወደቁ። ሜጀር ጄነራል መርዕድ ንጉሤ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ ራሳቸውን ገደሉ። ጄነራል ሰዓረ መኮንን ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ። አራቱም በየዘመናቸው ኤታማዦር ሹም የነበሩ ናቸው፤ አንዳቸውም በውጭ ጠላት ጥይት አልሞቱም። በ1981 ዓ.ም. በአሥመራ የተገደሉት የሜጀር ጄነራል ደምሴ ቡልቶ ልጅ ደረጀ «አባቴ ያቺን ሰዓት» የሚል መጽሐፍ ጽፏል። በዓመቱ ደግሞ 12 ጄነራሎች ተረሸኑ። የእነዚህ ሁሉ ልጆችና ሚስቶች የቱን መግለጫ ይዘው ይኑሩ?

«ያ ጦር እኮ ሐውዜንን የደበደበ ነው» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ሊካድም አይገባም። ይሁን እንጂ ጥፋተኛውን በስሙ ጠርቶ ለፍርድ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ የሠላሳ ዓመት አገልግሎትን ከነቤተሰቡ መሰረዝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፍትሕ ነው፤ ሁለተኛው በሥራ ላይ ላለው መኮንን የሚነገር ምክር ነው፦ «ይህ መንግሥት ከወደቀ ልጆችህም አብረው ይወድቃሉ።» ይህን የተማረ መኮንን ሕግን ሳይሆን ወንበርን ቢጠብቅ ምን ይደንቃል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ያዝዛል። ትእዛዙ ለወታደሩ ብቻ የተጻፈ ተደርጎ መነበቡ ነው ችግሩ። መንግሥትም የወታደሩን አገልግሎት ከራሱ ዕድሜ ነጥሎ ማየት አለበት። ዛሬም በሰፈራችን ባሏ ግዳጅ ላይ ያለ ጎረቤት አለችኝ፤ ደብዳቤው ስልክ ሆነ እንጂ እሷም ቀን ትቆጥራለች። ጡረታና ክብር የገዢ ስጦታ ሳይሆኑ የአገር ዕዳ መሆናቸውን በሕግም በተግባርም ካላረጋገጥንላት፣ ነገ ከአንድ መስኮት ፊት ቆማ እናቴ የሰማችውን ያንኑ መልስ ትሰማለች።