ሲበላሽ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?

ዕቃ ስንገዛ ዋጋውን እንጠይቃለን፤ ዋስትናውን እንጠይቃለን፤ ስንት ዓመት እንደሠራ እንጠይቃለን። «ሲበላሽ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» ብሎ ሻጩን የሚያፋጥጥ ገዢ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ጥያቄ ነው። ነገሩ ከአንድ ቴሌቪዥን ይነሳል፤ እዚያ ብቻ ግን አይቀርም።

እዚህ አሜሪካ «አርቪ» የሚሉት በጎማ የሚሄድ ቤት አለ። አልጋው፣ ማድቤቱ፣ መታጠቢያው ሁሉ በውስጡ ነው። እኔም ያገለገለ አንድ አለኝ። አምና ቴሌቪዥኑ ስዕል አላሳይ አለ። ገመዶቹ የሚሰኩት ከጀርባው ነው፤ በቴሌቪዥኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ግን ጣት አያስገባም። ጥገና ቤት ስደውል ወረፋው አምስት ሳምንት ነው አሉኝ። ሒሳቡ በሰዓት ነው፤ ማውረዱም መስቀሉም ይቆጠራል።

ራሴ አወረድኩት። ለሚጠቅመው ሰው አካሄዱን ልንገር። መጀመሪያ ከውጭ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ነቀልኩ። ይህ ብቻውን አይበቃም። ብዙዎቹ የአርቪ ቴሌቪዥኖች ከቤቱ ባትሪ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ የባትሪውም መስመር መቋረጥ አለበት። ቀጥሎ በስልኬ መብራት ከሥር አጮልቄ፣ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ብረት ጋር የሚቆልፉትን ሁለት ብሎኖች አገኘሁ። በአንዳንዶቹ ላይ በብሎን ፋንታ ወደ ታች የሚሳብ ገመድ ይኖራል። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ፤ ጓደኛዬ ከታች ደገፈልኝና ወደ ላይ አንስተን ከመንጠቆው አላቀቅነው። በኃይል ወደ ፊት መሳብ አደጋ አለው። ገመዶቹ አጭር ስለሆኑ መሰኪያውን ገንጥለው ሊመጡ ይችላሉ። ምንም ከመንቀላችን በፊት የትኛው የት እንደተሰካ ፎቶ አነሳን።

ችግሩ ምን ሆኖ ተገኘ? የመንገድ ንዝረት ያላላው የአንቴና ገመድ! በጣቴ አጠበቅሁት፤ አለቀ። ማውረዱና መልሶ መስቀሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ጥገናው ግማሽ ደቂቃ።

ለሠሪዎቹም ፍርድ አላጓድልም። እየተናወጠ የሚሄድ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ጠበቅ ብሎ መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ ፍሬን ሲያዝ ሰው ላይ ይወድቃል። ቅሬታዬ መጥበቁ ላይ አይደለም፤ መግቢያ ስለሌለው ነው። አንድ ክንድ ትርፍ ገመድ ቢተዉ፣ ወይም ከጎኑ ባለው ቁም ሳጥን በኩል መዳፍ የምታስገባ መክፈቻ ቢያበጁ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ወጪው ኢምንት ነው። ያልተደረገው የሚሠራው ሰው ስለ ሽያጩ ቀን እንጂ ስለ ብልሽቱ ቀን ስላላሰበ ይመስለኛል። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እዚህ ደግሞ ባለቤቱ የገዛ አጥሩን እንዳይነቀንቅ ተደርጓል። ሁለቱም ያው ንቀት ነው።

ዓለም ይህን ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ካደረገው ሰንብቷል። (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው።) የማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች በ2012 መኪና አምራቾች የጥገና መረጃን ለባለቤቶችና ለግል ጋራዦች እንዲያካፍሉ በድምፃቸው ወስነዋል። ፈረንሳይ በ2021 ቴሌቪዥንን ጨምሮ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመቹ የሚያሳይ ከ10 የሚሰጥ ነጥብ እንዲለጠፍ አዘዘች፤ ለመፈታታት ቀላል መሆኑም ነጥብ ያስገኛል። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን አምራቾች የተወሰኑ መለዋወጫዎችን ቢያንስ ለ7 ዓመት እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ነገር ግን እነዚህ የቴሌቪዥን ደንቦች የሚናገሩት ስለ ዕቃው ነው፤ ስለተሰቀለበት ግድግዳ አይደለም። የእኔ ቴሌቪዥን ከ10 አሥር ቢያገኝ እንኳ ጀርባው ካልተደረሰበት ነጥቡ ምን ይሠራል?

«ይህ የአሜሪካ ቅንጦት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። አሁን የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብልሽታቸው በጆሮ ብቻ የሚለይ አይደለም፤ ብዙው በኮምፒውተር ነው የሚነበበው። የአገራችን መካኒክ ብልሃት አያጥረውም፤ ያለ መለዋወጫ ተአምር ሲሠራ ኖሯል። ነገር ግን የተቆለፈ ሶፍትዌር በካቻቢቴ አይፈታም። አስመጪው መኪናውን ሲያስገባ የጥገና መመሪያውን፣ የመመርመሪያ መሣሪያውንና መለዋወጫውን አብሮ እንዲያቀርብ መጠየቅ ያለበት ዛሬ ነው፤ መኪኖቹ ግቢ ውስጥ አቧራ ከጠጡ በኋላ አይደለም።

ደረሰኝ ገንዘብ መክፈላችንን ያሳያል። ባለቤት የሚያደርገን ግን ሲበላሽ ከፍተን ማየት፣ ወይም የምናምነውን ባለሙያ ጠርተን ማስከፈት መቻላችን ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥንም ሆነ መኪና ስትገዙ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ያቺን አንዲት ጥያቄ ጠይቁ። ሻጩ መልስ ካጣ፣ እሱም መልስ ነው።