ለስምንት መቶ ሁለት ጉዳይ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ምሥጢሩ የገባኝ ግን ታኅሣሥ 26 ቀን 2015 ዓ.ም. መቀሌ በሚገኘው በአሉላ አባ ነጋ አይሮፕላን ማረፊያ ደጅ ተቀምጬ እናቴን በጠበቅሁበት ቀን ነው። የዚያን ቀን የተማርሁት ሒሳብ ከክፍል ውስጥ የተገኘ አይደለምና፥ ለመጽሔታችን አንባብያን ባካፍለው ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። እናቴ በመቀሌ ገበያ ጤፍ ትሸጥ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ገንዘብ ግን ትቆጥራለች። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አንዲት ገዢ 15 ኪሎ ጤፍ ጠየቀቻት። የኪሎው ዋጋ 38 ብር ነበር። እናቴ ዓይኗን ወደ ላይ አንሥታ በትግርኛ «76፤ 152፤ 304፤ 608» አለችና፥ ጥቂት ቆም ብላ «38ቱን ስመልሰው ለ600 ሠላሳ ጉዳይ» ብላ ጨረሰች። ሰዓት ስንናገር «ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ» እንደምንለው ሁሉ፥ እርሷ ገንዘብንም የምትቆጥረው እንደዚያ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ወደ 7ኛ ክፍል ያለፍሁ፥ ጎበዝ ነኝ ባይ ልጅ ነበርሁ። በገዢዋ ፊት «እማዬ፥ እንዲህ ያለ ሒሳብ የለም! አምስት መቶ ሰባ በይ እንጂ። በተማሪ ቤት ቢሰሙሽ ይሥቁብሻል» አልኋት። እናቴ አልተቆጣችም። «ያው ነው ልጄ» ብላ ጤፉን መስፈር ጀመረች። ፊቷ ግን ሲለወጥ አይቻለሁ።

ወረርሽኙ ያዘጋቸው ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ በተቃረቡ ጊዜ፥ ጥቅምት 18 ቀን 2013 ዓ.ም. አጎቴ ዘንድ ሆኜ እንድማር ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ፤ አይሮፕላኑ ቀረ፤ ስልኩም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ማታ ማታ ስተኛ እናቴን አስባለሁ፤ ባሰብኋትም ቍጥር የሚመጣብኝ ያ በገበያ የተናገርሁት ቃል ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞታ ቢሆንስ? እንዲህ እያልሁ ሁለት ዓመት አለፈ።

የሰላም ስምምነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ፥ ታኅሣሥ 19 ቀን የመቀሌ በረራ እንደገና ተጀመረ። እኛም በሳምንቱ ተሳፈርን። ስልክ ተከፍቶ ስለ ነበር የምንደርስበትን ሰዓት ለእናቴ የነገርኋት እኔ ነኝ። በቲኬቱ ላይ 08፡40 የሚል ነበርና «ስምንት ሰዓት ከአርባ» አልኋት። ይህ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን በደስታ ብዛት ዘነጋሁት። በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ማለት ነበር! እናቴን በቍጥር ያረምሁ ልጅ እኔው በቍጥር ተሳሳትሁ።

አይሮፕላኑ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በኲሓ በኩል በሚገኘው ሜዳ ላይ አረፈ። ማረፊያው የተሰየመው በፈረሳቸው ስም አባ ነጋ በተባሉትና በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ድል ባደረጉት በራስ አሉላ ነው። በደጁ እናት ልጇን፥ ወንድም እኅቱን አቅፎ ያለቅሳል። የእኛ እናት ግን የለችም። ብንደውል መስመሩ እንቢ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ቤት ቀይራ ስለ ነበር አዲሱን ቤቷን አናውቀውም። ስለዚህ ከጥላ ሥር ተቀምጠን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረንም።

አጎቴ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ማልቀሴን ባዩ ጊዜ ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ እኔም የገበያውን ነገር አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ ሣቁና የመሳፈሪያ ወረቀቴን ገልብጠው እርሳስ አወጡ።

«465 እና 535ን ደምሪ» አሉኝ። እንደ ተማርሁት ከአንድ ቤት ጀመርሁ። 5 እና 5 አሥር፤ አንድ በእጄ። 6 እና 3፥ በእጄ ካለው ጋራ አሥር፤ አንድ በእጄ። 4 እና 5፥ ከአንዱ ጋራ አሥር። መልሱ 1000።

«ተመልከች፤ የመቶው ቤት የአሥሩን ቤት ጠበቀ፤ የአሥሩም ቤት የአንዱን። ቍጥሩ ስልሳ አራት ቤት ያለው ቢሆን የመጨረሻው ስንቱን ሊጠብቅ ነው? ኮምፒዩተርን ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ ይህ በእጅ የሚያዘው አንድ ነው» አሉኝ።

ቀጥለውም ሌላ ሕግ አወጡ። እያንዳንዱ ቤት ትርፍን ብቻ ሳይሆን ጉድለትንም መጻፍ ይፈቀድለት፤ ከ6 ጉድለት ጀምሮ እስከ 6 ትርፍ ይያዝ። ድምሩ 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ለጎረቤቱ ያሳልፍ፤ ከ10 የጎደለውን ወይም የተረፈውን በቤቱ ያስቀር። በዚህ ሕግ የአንድ ቤት 10 አገኘ፤ አንድ አሳለፈ፥ 0 ቀረው። የአሥር ቤት 9 አገኘ፤ 9 ለአሥር አንድ ጉዳይ ነውና ማንንም ሳይጠብቅ አንድ አሳለፈና የ1 ጉድለት ጻፈ። የመቶ ቤትም በዚያው ቅጽበት እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጎረቤታቸው የመጣውን አንድ ተቀበሉ፤ ጉድለታቸው ተሞልቶ 0 ሆነ፤ በሺህ ቤት 1 ገባ። መልሱ ያው 1000 ነው።

«የተቀበለው አንድ መልሶ ሌላ እንዲያሳልፍ ቢያስገድደውስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አያስገድደውም። በቤቱ የሚያስቀረው ከ5 ትርፍ ወይም ከ5 ጉድለት አይበልጥም። አንድ ቢጨመርበት 6 ነው፤ ለ6 ደግሞ ቦታ አለው። ስለዚህ ሦስት ቤት ቢሆን ሺህ ቤት፥ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው» አሉኝ። የሎሚው ተረት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ከ535 አንድ ቀንሰን 534 ብናደርገውስ? በአዲሱ ሕግ መልሱ በሺህ ቤት 1፥ በመቶና በአሥር ቤት 0፥ በአንድ ቤት የ1 ጉድለት ሆኖ ይወጣል። ይህም ለሺህ አንድ ጉዳይ፥ ማለት 999 ነው። የእናቴ አነጋገር በወረቀት ላይ ተጽፎ አየሁት!

እንዲህ ያለውን፥ ለአንድ ቍጥር ከአንድ የበለጠ አጻጻፍ የሚፈቅደውን አቆጣጠር ለኮምፒዩተር መደመሪያ አድርጎ በ1961 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያቀረበው ሊቱዌኒያ የተወለደው አልጊርዳስ አቪዚየኒስ ነው። በጉድለት የመጻፍን ሐሳብ ግን እንግሊዛዊው ጆን ኮልሰን በ1726 አስቀድሞ አሳትሞት ነበር።

አጎቴ ወደ 15ቱ ኪሎ ተመለሱ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው 0ን እና 1ን ነውና 15ን 1111 ብሎ ይጽፋል፤ 8፥ 4፥ 2 እና 1 ማለት ነው። በ38 ሲያባዛው አራት ቍጥሮችን መደመር አለበት፦ 38፥ 76፥ 152 እና 304። እናቴ ግን እስከ 16 እጥፍ አጥፋ አንዱን መለሰች፤ 608 ሲቀነስ 38፥ 570። አንድሩ ቡዝ የተባለው እንግሊዛዊ በ1951 ለኮምፒዩተር ማባዣ ያሳተመው ዘዴ ይህንኑ ያደርጋል፤ የተደረደሩትን 1ዎች በአንድ መደመርና በአንድ መቀነስ ይተካቸዋል። በማጠፍ ማባዛት ራሱ በግብፅ ጸሐፊው አሕመስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በፓፒረስ ላይ የጻፈው ጥንታዊ ጥበብ ሲሆን፥ በውጭ አገር መጻሕፍትም «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ ይጠራል።

እርግጥ ነው፥ ትርፉ በነጻ አይገኝም። ጉድለትን የሚጽፍ ቤት በአንድ ምልክት ፈንታ ሁለት ይፈልጋል። በመጨረሻም መልሱ ወደ ተለመደው አጻጻፍ ሲመለስ ያ የሸሸነው መጠበቅ ይመጣል። ነገር ግን ሺህ ጊዜ ደምሮ አንድ ጊዜ መጠበቅ በየድምሩ ከመጠበቅ ይሻላል።

ይህን ስንነጋገር ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ቀና ስል አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት በመንገዱ ላይ ስትፈጥን አየሁ። እናቴ ናት! ስምንት ሰዓት እስኪደርስ መቀመጥ አቅቷት ቀድማ መጣች። ከስታለች፤ ፀጉሯም ሸብቷል። ሮጬ ጉልበቷን ሳምሁ፤ «እማዬ፥ ስለዚያ ስለ ጤፉ ሒሳብ ይቅር በይኝ» አልኋት።

«የትኛው ጤፍ?» አለች። እውነትም ረስታዋለች። እኔ ሁለት ዓመት የተሸከምሁትን እርሷ በዚያው ቀን ከእጇ ጥላዋለች።

ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ዛሬ ስንተኛ ቀንሽ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ? ለስምንት መቶ ሁለት ጉዳይ» አለችኝ። በልቤ ቆጠርሁ፤ ከጥቅምት 18 እስከ ጥቅምት 18 ሁለት ዓመት 730 ቀን፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 26 ደግሞ 68 ቀን። 798። አላረምኋትም።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፥ ተማሪ ቤት ያስተማረን አጻጻፍ መልካም ነው፤ ፈተናም የምናልፈው በእርሱ ነው። ነገር ግን ወላጆቻችን በሌላ መንገድ ሲቆጥሩ ብንሰማ ለማረም አንቸኩል። አስቀድመን መልሱን እንመርምር፤ ምናልባት የደረሱት እኛ ከምንደርስበት ቦታ ይሆናል፤ ያውም ቀድመውን።