ሌሊቱን የት አደረ?

በዶርማችን ሦስታችን የማንከራከርበት ነገር ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት ግን በአንድ ነገር ያለ ክርክር ተስማማን። «ከአያቶቻችሁ የተማራችሁት ምግባር» በሚል ርዕስ ከ20 የሚታረም ጽሑፍ ታዘዝንና ስልካችን ላይ ያለውን ቻት ጂፒቲ «እስቲ ጻፍልን» አልነው። ጻፈልን። ስለ አያቶቻችን ጾም፣ እንግዳ ስለ መቀበላቸው፣ እውነት ስለ መናገራቸው፣ አንዳቸውንም ሳያይ አሳምሮ ጻፈ። 18 አገኘን። ደስም አለን።

ከሦስታችን አንዱ የዳባት ልጅ ነው። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ቅኔ ቀምሷል። ለገና ዕረፍት ይዞን ሄደ። ከጎንደር ተነሥተን፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፈን የወገራን ደጋ ስንያያዘው ብርዱ ጥርሳችንን አንቀጫቀጨው።

የኔታን ከጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ጓደኛችን ጉልበታቸውን ሳመና «የኔታ፣ አንድ ጉባኤ ቃና ልንገርዎት» አላቸው። ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት፣ የቅኔ ጀማሪ መነሻ ናት። ያነበበላቸው ግን ስልኩ የሠራውን ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ድገማት» አሉ። ሁለተኛው ቤት ላይ የግሱ እርባታ ተበላሽቶ ኖሮ አቃኑለት።

«ማነው የቆጠራት?»

«ስልኩ ነው፣ የኔታ።»

አልተቆጡም። ስልኩን ትኩር ብለው አዩና «ሌሊቱን የት አደረ?» አሉ።

ሳቅን። ጓደኛችን ግን አልሳቀም። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የሰጡትን ይዞ ለብቻው ገለል ብሎ፣ ከእንቅልፍም ከብርድም እየታገለ ይቆጥራል። ይዞ ሲመጣ ይታረማል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ቅኔ ደግሞ አይደገምም፤ ለነገ ሌላ አዲስ ይፈለጋል። ታዲያ ለተማሪው የሚቀርለት ያ የደከመበት ሌሊት አይደለም እንዴ?

የኔታ ቀጠሉ፤ «ለመሆኑ ማን አስተማረው?»

«ሰዎች ከጻፉት ከብዙው ነው የተማረ።»

«እንግዲያማ እሱም እንደ ተማሪ የሰው እህል ነው የበላ! ሲወስድ ግን ደጅ ቆሞ ለምኗል?»

ዝም አልን። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ ይቆማል፤ ውሻ ይጮህበታል፤ እመቤቲቱ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች፤ እሱም መርቋት ይሄዳል። ሰጪና ተቀባይ ይተያያሉ። መሣሪያው ግን የብዙ ሰው ጽሑፍ የበላው ደጅ ሳይጠና ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ የቻት ጂፒቲን ሠሪ ኦፕን ኤአይን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የከሰሰውም «ጽሑፎቼን ሳታስፈቅድ ተጠቀምህባቸው» ብሎ ነው።

መሣሪያው የሰይጣን ሥራ ነው አንልም። አገራችንም በ2012 ዓ.ም. የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል አቋቁማለች። ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ቀበሌ ላደገ ልጅ ያልገባውን ትምህርት ሳይሰለች የሚያስረዳው ቢያገኝ ምን ክፋት አለው? ቫቲካንም በጥር 2017 ዓ.ም. ባወጣችው ሰነድ መሣሪያው የሰው አእምሮ ሥራ ውጤት እንጂ ሌላ ዓይነት ሰው አለመሆኑን አስረድታለች። እንግዲህ ኃጢአቱ የስልኩ አይደለም። ስልኩ አይናዘዝም፣ ንስሐም አይገባም። ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ስርቆትን፣ ሌላው የሐሰት ምስክርነትን ይከለክላል። እኛ ስለ አያቶቻችን እውነተኛነት በጻፍነው በአንዲት ወረቀት ሁለቱንም አፈረስን።

ከዕረፍት ስንመለስ ሁለታችን መምህራችን ዘንድ ሄደን ነገርናቸው። ብዙም አልተናገሩ። «አንድ አያት ምረጡና እንደገና ጻፉ፣ በእጃችሁ» አሉን። ሁለት ሌሊት አመሸን። አያታችን ዱቄት ስታበድር ቁናውን ሞልታ፣ ሲመልሱላት ግን ጎደለ ሳትል እንደምትቀበል ያስታወስነው ያኔ ነው። ስልኩ ይህን ከየት ያምጣው? 12 አገኘን።

ሦስተኛችን እስካሁን አልሄደም። የትኛችን እንደሆነ አንናገርም። ይህን ጽሑፍ ግን ማንበቡ አይቀርም፤ «እኛ» ስንል የመጣነውም እሱን ጨምረን ነው።